በሃሎዊን ምሽት ዓይናችን መንገዱ ላይ ይሁን

ጥቅምት ሲጋመስ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግና በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድርያ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤት ውስጥ አንድ ክርክር ይነሳል። ልጆች ጭምብልና ልዩ ልብስ ለብሰው ከደጅ ደጅ ከረሜላ ለሚሰበስቡበት ለሃሎዊን ምሽት ይውጡ ወይስ ይቅሩ? እናት "የአጋንንት በዓል ነው፤ ልጄ ያንን ጭምብል አያጠልቅም" ትላለች። አባት "የክፍል ጓደኞቹ ሁሉ ሲወጡ እሱ ብቻውን በመስኮት ይይ?" ብሎ ይሞግታል። አያት ካሉ ደግሞ "ከማያውቁት ሰው የተቀበሉትን ከረሜላ እንዳይበሉ" ብለው ያስጠነቅቃሉ። እያንዳንዱ ቤት እንደ እምነቱና እንደ ሕሊናው ይወስን፤ በዚያ አልገባም። የሚያንገበግበኝ በዚህ ሁሉ ሙግት መሐል በዚያ ምሽት ልጆችን በእርግጥ የሚገድለው ነገር ስሙ እንኳ አለመነሳቱ ነው። መኪና ነው የሚገድላቸው።

ካናዳውያን ተመራማሪዎች ከ1975 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) በአሜሪካ በሃሎዊን ምሽት በመኪና ተገጭተው የሞቱ እግረኞችን መዝገብ መርምረው ውጤቱን ጃማ ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳትመዋል። ከሳምንት በፊትና ከሳምንት በኋላ ካሉት ምሽቶች ጋር ሲነጻጸር፣ በሃሎዊን ምሽት እግረኛ ተገጭቶ የመሞቱ አደጋ በ43 በመቶ ይጨምራል። ከ4 እስከ 8 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ሲሆን ጭማሪው ዐሥር እጥፍ ይደርሳል። አደጋው የሚበረታው ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ በዚያ ዕለት ፀሐይ የምትጠልቀውም በዚሁ ሰዓት ነው፤ ሠራተኛው ደክሞት ወደ ቤቱ ሲነዳ፣ ልጆች በደስታ ሰክረው ከቤት ሲወጡ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በዓይኔ ያየሁትን ልናገር። ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጥቁር ካባ ለብሷል፣ ፊቱን የአጽም ጭምብል ሸፍኖታል። ሁለት እጁ የከረሜላውን ከረጢት ስለያዘ የተንሸራተተውን ጭምብል ማቃናት አልቻለም፤ የዓይኑ ቀዳዳ ጉንጩ ላይ ወርዷል። በዚያው ሁኔታ በቆሙ ሁለት መኪኖች መሐል አልፎ ወደ አስፋልቱ ሊገባ ሲል ታላቅ እህቱ ካባውን ጎትታ መለሰችው። በዚያች ቅጽበት ነጂው አላየውም፤ እሱም መኪናውን አላየም። ጭምብሉ ቀርቶ ፊቱ በቀለም ቢሳል፣ ካባው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቢያጥር፣ ጀርባው ላይ አንጸባራቂ ፕላስተር ቢለጠፍበት ምን ይጎድልበት ነበር? ልብሱ ሲገዛም በቀላሉ እሳት የማይዘው መሆኑ ይታይ፤ ለበዓሉ ጌጥ በሚቦረቦረው ዱባ ውስጥ የሚበራው ሻማም በባትሪ የሚሠራው ይሁን።

ከረሜላውን በተመለከተ፣ የዴላዌር ዩኒቨርሲቲው የሶሲዮሎጂ ምሁር ጆኤል ቤስት ከ1958 ወዲህ የወጡ ዜናዎችን ለብዙ ዓመታት ተከታትለዋል። እንግዳ ሰው በዘፈቀደ በሰጠው የሃሎዊን ከረሜላ ተመርዞ የሞተ ወይም ክፉኛ የተጎዳ ልጅ ስለመኖሩ ግን የተረጋገጠ ማስረጃ አላገኙም። በ1974 ቴክሳስ ውስጥ በሲያናይድ የተመረዘ ጣፋጭ በልቶ የሞተው የስምንት ዓመት ሕፃን ገዳይ የገዛ አባቱ ነበር፤ የኢንሹራንስ ገንዘብ ፈልጎ ነው፣ በ1984ም በሞት ተቀጥቷል። ከረጢቱ አይፈተሽ ማለቴ አይደለም። ከአራት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በጠንካራ ከረሜላ ሊታነቅ ይችላል፤ ለኦቾሎኒ ወይም ለሰሊጥ አለርጂ ያለበት ልጅም ማሸጊያው ሳይነበብለት መብላት የለበትም። ማሪዋና ያለበት ከረሜላ ደግሞ የዘመናችን እውነተኛ ስጋት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ከ2023 ጀምሮ ለአዋቂዎች በሕጋዊ መንገድ ይሸጣል፤ ልጅ እጅ የሚገባውም አብዛኛውን ጊዜ አዋቂ ቤት ውስጥ ካስቀመጠው ነው። አጠራጣሪ ነገር ከተበላ በ1-800-222-1222 የመርዝ መረጃ ማዕከልን በማንኛውም ሰዓት በነፃ መጠየቅ ይቻላል።

ሆያ ሆዬ እያልን ያደግን ሰዎች የሰፈሩ ደጅ ሁሉ የእኛ ይመስለናል፤ ሙልሙል የሚሰጡን እማማ ማን እንደሆኑ እናውቅ ነበርና። አሜሪካ ግን ብዙ ቤት መሣሪያ ያለበት አገር ነው። በ1992 በባተን ሩዥ፣ ሉዊዚያና፣ ወደ ሃሎዊን ግብዣ ሲሄድ ቤት ተሳስቶ ደጅ የደወለ የ16 ዓመት ጃፓናዊ ተማሪ በቤቱ ባለቤት ተተኩሶበት ሞቷል። ስለዚህ ልጆቻችን መብራት የጠፋበትን በረንዳ እንዳይረግጡ፣ "ግቡ" ቢባሉም ደጃፍ አልፈው እንዳይገቡ አስቀድሞ ይነገራቸው። ሃሎዊንን የማታከብሩም የበረንዳችሁን መብራት ብታጠፉ መልእክቱ ለሁሉም ግልጽ ነው።

አሁን ወደ ነጂው ልመለስ፤ ምክንያቱም ነጂው እኛው ነን። ከመካከላችን ብዙዎች ታክሲና ኡበር እየነዱ፣ ምግብ እያደረሱ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ፤ ያ ምሽት ደግሞ ገበያ የሚደራበት ነው። ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከቀኑ 11 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ በተቻለ መጠን ዋና ዋና መንገዶችን ያዙ። የመኖሪያ ሰፈር መግባት ግድ ከሆነም እግራችሁ ፍሬን ላይ ይሁን፤ ተሳፋሪን በእግረኛ መንገዱ በኩል አውርዱ፣ አድራሻ የምትፈልጉትም ቆማችሁ ይሁን። ልጆቻቸውን በመኪና እየተከተሉ ከደጅ ደጅ የሚያጅቡ ወላጆችም አሉ፤ እባካችሁ መኪናውን አቁሙና አብራችሁ በእግር ሂዱ። ልጅ የሚያሻግረው እጅ መሪ ላይ መሆን የለበትም።

ዕለቱ አብዛኛውን ዓመት ጥቅምት 21፣ የእመቤታችን ወርኃዊ በዓል ስለሚሆን፣ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ቤተሰቦች አሉ። እነርሱም ቢሆኑ ከአደጋው ውጭ አይደሉም፤ በነጠላ ተጠቅልሎ በመኪና ማቆሚያው መሐል የሚሮጥ ሕፃን ለነጂ ቶሎ አይታይም። የሰበካ ጉባኤዎችና የወላጅ ማኅበራት ለዚያ ምሽት አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሱ ሁለት ወጣቶች በር ላይ ቢያቆሙ፣ ሳምንቱን ቀድመውም ከቅዳሴ በኋላ ለነጂዎችና ለወላጆች አንድ ማሳሰቢያ ቢያነብቡ፣ የዘንድሮውን ሥራ ከአሁኑ መጀመር ይቻላል።