የኩሬው ሞተር «በግቢው ነው» ተብሎ አይታለፍም

ከወረዳችን ደንብ ማስከበር ባለፈው ሳምንት የደረሰን መልስ ሁለት ምክንያት ብቻ ይዟል። የኩሬው የውኃ ሞተር የተተከለው በባለይዞታው ግቢ ውስጥ ነው፤ የሚሰማውም የውኃ ድምፅ ስለሆነ ሁከት ሊባል አይችልም። አምስት አባወራዎች ተፈራርመን ያስገባነው አቤቱታ በዚህ ተዘጋ።

ከእኛ ጋር አጥር የሚጋራው ቤት የእንግዳ ማረፊያ ከሆነ ወዲህ ጥጉ ላይ ኩሬ ተቆፍሮ ፏፏቴ ተሠራለት። ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ ሌት ተቀን አይጠፋም። የተቀመጠው በባዶ ሲሚንቶ ላይ ነው፤ ሲሚንቶው ከአጥሩ ጋር ተያይዟል፤ አጥሩ ደግሞ የእናቴ መኝታ ክፍል የጀርባ ግድግዳ ነው። እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ብርድ ልብሷን ይዛ ወደ ሳሎን ሶፋ ስትሄድ ማየት ከጀመርኩ ወራት አለፉ።

«የውኃ ድምፅ ነው» የሚለውን እንመልከት። ውኃው ሲወርድ የሚያሰማውን ማንም አልከሰሰም። የከሰስነው ሞተሩን ነው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ በሰከንድ 50 ዙር ይመላለሳል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚነቀንቀው፣ በእሱ የሚሠራ የፓምፕ ሞተር በሰከንድ 100 ጊዜ እየተርገበገበ ወፍራም ጉምጉምታ ያወጣል። ቀጭን ድምፅ በር ሲዘጋ፣ መጋረጃ ሲወርድ ይደክማል። ይህኛው ግን በሲሚንቶና በብሎኬት ውስጥ ይሄዳል። መስኮቱን ስትዘጋው ይባስ ይጎላል፤ የውጪው ጫጫታ ሲቀር እሱ ብቻውን ይቀራልና። ትራስ ላይ ጆሮህን ስታሳርፍ ከአልጋው እግር ጀምሮ ይመጣል። ይህን የውኃ ድምፅ ብሎ የጻፈ ሰው ቤታችን ገብቶ አያውቅም። የመጡትማ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነበር፤ ከመንገዱ ማዶ ብረት ሲቆረጥ፣ ታክሲ ጥሩምባ ሲነፋ፣ በር ላይ ቆመው «ምንም አይሰማም» ብለው ተመለሱ። ሌሊት ኑ ብለን ለመንን። ሌሊት የሥራ ሰዓት አይደለም ተባልን። የድምፅ መለኪያም አልያዙም ነበር። ያልለኩትን ነገር ነው ፈርደው የላኩልን።

እኔን ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን «በግቢው ነው» የሚለው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1225 የንብረቱ ባለቤት ጎረቤቱን የሚያውክ ወይም የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል፤ ጭሱ፣ ጥቀርሻው፣ መጥፎ ሽታው፣ ድምፁና ንዝረቱ ከመልካም ጉርብትና ልክ ማለፍ የለበትም ይላል። ሕጉ የሚናገረው እኮ ሰው በገዛ ግቢው ስለሚሠራው ነው! የሰው ግቢ ገብቶ ሞተር የተከለውንማ ሌላ ሕግ ይይዘዋል። ቁጥር 1225 የተጻፈው ባለቤትነት የማያጠያይቅበት ቦታ ላይ፣ ካርታ በእጁ ላለ፣ ግብሩን ለከፈለ ሰው ነው። ስለዚህ «በግቢው ነው» ብሎ መመለስ ሕጉ የሚጀምርበትን ቦታ መደምደሚያ ማድረግ ነው። በዚህ አካሄድ አጥር ሥር ጎማ የሚያቃጥልም በግቢው ነው። ከጎረቤቱ ጉድጓድ አጠገብ የሽንት ቤት የሚቆፍርም በግቢው ነው። የይዞታ ካርታ የመሬቱን ካሬ ሜትር ይወስናል፤ ድምፁ እስከ የት እንዲሄድ አይፈቅድም። ይህን ለማወቅ ጠበቃ መሆን አያስፈልግም፤ ከሰው ጋር ተጎራብቶ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ሌሊት ሙቀጫ የማይወቀጥበት፣ ልቅሶ ቤት ካለ ሬዲዮ የሚቀነስበት ሰፈር ነው ያሳደገን።

ሕጉ እዚያ ላይም አያቆምም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅ ደረጃ እንዲወጣ ያዛል፤ የወጣው ደረጃም ለመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ነው። 10 ቁጥር ትንሽ ልዩነት እንዳይመስላችሁ፤ በዴሲቤል አቆጣጠር 10 ሲጨመር የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ይሆናል። ደረጃውን ያወጡት ሰዎች ሌሊት ከቀን እንደማይተካከል ያውቁ ነበር። በጠዋቱ 4 ሰዓት መጥቶ ስለ ሌሊት የሚፈርድ ሰው ይህን አላነበበም፤ ወይ አንብቦ ሰንፏል።

የማረፊያው ኃላፊ ሌላ ምክንያት አላቸው፤ ፓምፑ ከጠፋ ዓሦቹ ይሞታሉ ይላሉ። ሌሊት በኩሬ ውስጥ ኦክስጅን እንደሚቀንስ እቀበላለሁ፤ ፀሐይ ከሌለች ዕፅዋቱም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይጠቀማሉ። ለዚያ ግን በቂው ትንሽ የአየር መንፊያ ናት። ትልቁ ፓምፕ ውኃ ወደ ላይ እየገፋ የሚያሳምረው ፏፏቴውን ነው፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ፏፏቴ የሚያይ እንግዳ የለም። ከሥሩ ወፍራም ጎማ ይነጠፍ፤ ደረቁ ቱቦ በሚተጣጠፍ ይቀየር፤ ከምሽቱ 3 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚያጠፋው ታይመር ይገጠም። ከዕድራችን ሁለት ሽማግሌዎች ሄደው የጎማውን እኛው እናዋጣለን ብለዋል። ከበር ተመለሱ።

ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት፣ ጀሪካን ተደርድሮ ለሚጠበቅበት ሰፈር የማያቋርጥ ፏፏቴ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ ዛሬ እሱን አላነሳም።

የተጻፈው ደብዳቤ ይነሳ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ አንድ ባለሙያ መለኪያ ይዞ ይምጣ፤ በሩን እኔ ተነስቼ እከፍትለታለሁ። ጫማውን አውልቆ ወደ እናቴ ክፍል ይግባ፤ አልጋዋ ከተጠጋበት ግድግዳ ላይ መዳፉን ያሳርፍ። መልሱን ከዚያ በኋላ ይጻፍ።