የ1869ኙ ጨዋታ የዛሬው የአሜሪካ ፉትቦል አልነበረም

ወንድሜ፣ ስለ አሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት የጻፍከውን ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ላርም። «የዛሬው የአሜሪካ ፉትቦል እ.ኤ.አ. በ1869 ሩትገርስና ፕሪንስተን ሲጋጠሙ ተጀመረ» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል። የሩትገርስ ደጋፊዎችም ይኮሩበታል፤ አይፈረድባቸውም፣ 6 ለ 4 አሸንፈዋል።

ግን እስቲ ሜዳውን በዓይነ ሕሊናህ እየው። በእያንዳንዱ ወገን 25 ተጫዋች አለ። ኳሷ ክብ ናት። በእጅ መምታት ይቻላል፤ ይዞ መሮጥና መወርወር ግን ክልክል ነው። ዛሬ ብናየው «ይሄማ እግር ኳስ ነው» የምንል ይመስለኛል።

የዛሬው የአሜሪካ ፉትቦል መለያ የሆነው ኳስ ይዞ መሮጥ የመጣው ከእንግሊዞቹ ጨዋታ ከራግቢ ነው። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች በ1874 ከካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ጋር በራግቢ ደንብ ተጫውተው በጣም ወደዱት። ከዚያ የየል ዩኒቨርሲቲው ተጫዋች ዋልተር ካምፕ መጣ። ለእኔ ትልቁ ለውጥ የእሱ ነው። በ1880 ተጫዋቾቹ ወደ 11 እንዲቀነሱ አደረገ። እንደ ራግቢ ሁለቱ ቡድኖች ለኳሱ ሳይጋፉ፣ ኳሱን የያዘው ቡድን ጨዋታውን እንዲያስጀምርም ደንብ አስወጣ። ዛሬ የምንወደው ኳስን ወደ ፊት መወርወር የተፈቀደው እንኳ በ1906 ነው።

«በኮሌጆች መካከል የተደረገ የመጀመሪያው የፉትቦል ግጥሚያ» ብለህ ብታስተካክለው ደስ ይለኛል።