ለእድሩ እንሟገታለን፣ ለካውንቲው ዝም እንላለን

የሂዩስተን ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ደስ የሚል ነገር አይደለም። ግን ከሆዴ ውስጥ ከማስቀምጠው ልናገረው።

እድር ስብሰባ ሲጠራ እንዴት እንደምንሆን ታውቃላችሁ። ወርሃዊው መዋጮ አምስት ዶላር ይጨመር ሲባል እጁን የማያወጣ የለም። ገንዘብ ያዡ በየደረሰኙ ይጠየቃል። ኦዲተር ይመረጥ ይባላል። እኩለ ሌሊት ቢሆንም ማንም አይነሳም። ይህ ጥሩ ባህል ነው፣ እኔም እኮራበታለሁ። ታዲያ ከቤታችን ላይ በየዓመቱ ብዙ ገንዘብ የሚወስደው ሃሪስ ካውንቲ፣ ሂዩስተን ያለችበት የአካባቢ አስተዳደር፣ ስብሰባ ሲቀመጥ የት ነን?

የፕሮፐርቲ ታክስ (የቤት ግብር) ቢሉ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ሲመጣ ጩኸቱ ይጀመራል። ቡና ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ መስጊድ ደጅ፣ በየቴሌግራሙ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ካውንቲው ድርሻውን የወሰነው እኮ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ነው። (ከቢሉ ትልቁን የሚወስደው የትምህርት ዲስትሪክቱ ነው። እሱም የራሱ ስብሰባ አለው፣ እዚያም የለንም።)

የካውንቲውን የሚወስኑት አምስት ሰዎች ናቸው። አንድ ካውንቲ ጃጅ (የካውንቲው ዋና ኃላፊ) እና አራት ኮሚሽነሮች። ኮሚሽነርስ ኮርት ይባላል እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም። ወደ አምስት ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በጀት በእነሱ እጅ ነው። ግብር ለመወሰን ከአምስቱ አራቱ መገኘት አለባቸው። በ2022 ሁለት ኮሚሽነሮች ሆን ብለው ቀሩ። ምልዓተ ጉባኤ ጎደለ። ካውንቲውም ካሰበው ዝቅ ያለ የግብር መጣኔ ይዞ ለመቀጠል ተገደደ። ኪሳችንን አዳኑልን ያለ አለ። ሥራቸውን ጥለው ጠፉ ያለም አለ። ሁለቱም የሚያከራክር ሐሳብ ነው። እኔን ያሳዘነኝ ሌላ ነው። ያኔ የጠየቅኳቸው ጓደኞቼ አንዳቸውም ወሬውን አልሰሙም ነበር።

በገዛ መብታችን እንኳ አንጠቀምም። የምትኖሩበት ቤት ከሆነ የሆምስቴድ ኤግዘምፕሽን (የመኖሪያ ቤት ግብር ቅነሳ) ፎርም ሙሉ። በነጻ ነው። ካውንቲው ከቤቱ ግምት 20 በመቶውን ከግብሩ ውጪ ያደርግላችኋል። ግምቱ በዛ የምትሉ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እስከ ሜይ 15 መቃወም ትችላላችሁ። ይህን ሳያውቅ ለዓመታት የከፈለ ሰው በመካከላችን አለ።

ወደ ጎርፉ ልምጣ። ሃርቪ የተባለውን አውሎ ነፋስ ማን ይረሳዋል? ኦገስት 2017። በአራት ቀን ውስጥ ካውንቲው ላይ አንድ ትሪሊዮን ጋሎን ያህል ውሃ ወረደ። ከ150 ሺህ በላይ ቤቶች ውሃ ገባባቸው። አዲክስና ባርከር ግድቦች ሲሞሉ ውሃው ተለቀቀና፣ ከዝናቡ የተረፈ ቤት በተለቀቀው ውሃ ሰመጠ። ያን ጊዜ ጥሩ ሰዎች ነበርን። ፍራሽ ተሸከምን፣ ምግብ አበሰልን፣ እርስ በርስ ተጠለልን። ውሃው ሲጎድል ግን ነገሩን ረሳነው።

ሌላው አልረሳም። ልክ ዓመቱ ሲሞላ፣ ኦገስት 25 ቀን 2018፣ ካውንቲው ለጎርፍ መከላከያ የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ለሕዝብ ድምፅ አቀረበ። ድምፅ ከሰጡት 85 በመቶ ያህሉ ይሁን አሉ። ቦንድ ብድር ነው፤ የሚከፈለውም ከቤታችን ግብር ነው። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ገንዘቡ መጀመሪያ የት ሰፈር ይውረድ የሚለው ነበር። የሰሜን ምሥራቅ ሂዩስተን ነዋሪዎች ተደራጅተው ስብሰባ አዳራሹ ድረስ እየሄዱ ጮኹ። አሊፍና ደቡብ ምዕራብ የምንኖረው እኛ ግን ማን ይቅደም ሲባል ቤታችን ተቀምጠን ነበር። ከዚያ ወዲህ ፕሮጀክቶቹ ዘገዩ፣ ወጪያቸውም ናረ። በኖቬምበር 2024 ደግሞ ለጎርፍ መከላከያው ጥገና ግብሩ ከፍ ይበል ተባለ። ከግማሽ ትንሽ ብቻ በለጥ ባለ ድምፅ አለፈ። አሁን ሁላችንም እየከፈልን ነው። ታዲያ በሰፈራችሁ የሚያልፈው ባዩ (የጎርፍ መውረጃው ወንዝ) ተጠርጎ እንደሆነ ጠይቃችኋል? የምትከፍሉበትን ነገር ጠይቁ እንጂ!

ስለ እስር ቤቱ ማውራት አንወድም። እናፍራለን። «የእኛ ልጅ እዚያ አይገባም» እንላለን። ይገባል፣ ገብቷልም። እናቱ ብቻ ናት የምታውቀው። በካውንቲው እስር ቤት ካሉት አብዛኛዎቹ ገና ያልተፈረደባቸው ናቸው። በ2022 ብቻ ቢያንስ 27 ሰዎች በእስር ላይ ሳሉ ሞቱ። ቦታና ጠባቂ ሲያጥር እስረኞች ሉዊዚያናና ሚሲሲፒ ድረስ ተልከው፣ ወጪው በእኛ ግብር ተሸፍኗል። ልጇን ለማየት ስቴት አቋርጣ የምትነዳ እናት አስቡ። ወንጀለኛ ይቀጣ የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ነው፣ ይቀጣ። መጀመሪያ ግን ይፈረድበት። እስኪፈረድበት ደግሞ በሕይወት ይኑር።

«የእኔ አንድ ድምፅ ምን ያመጣል» የሚለውን ሰበብ ተዉት። በ2018ም በ2022ም ካውንቲ ጃጅ የተመረጠው ከ20 ሺህ ባነሰ የድምፅ ልዩነት ነው፤ ያውም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው በመረጠበት ካውንቲ። ዜግነት ያላገኛችሁም ብትሆኑ ኮሚሽነርስ ኮርት ላይ ስማችሁን አስመዝግባችሁ መናገር ትችላላችሁ። እንግሊዝኛዬ ይሰባበራል አትበሉ። በተሰባበረው ተናገሩ።

የካውንቲ ጃጁ ወንበር ኖቬምበር 2026 እንደገና ለምርጫ ይቀርባል። ቴክሳስ ውስጥ ለመምረጥ ቢያንስ ከ30 ቀን በፊት መመዝገብ ግድ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የምዝገባ ፎርም ይዤ ደጁ ላይ እቆማለሁ። ዜግነት ያላችሁ ውሰዱ። እዚያው ሙሉት፣ ፈርሙበት፣ በማግስቱ ፖስታ ቤት አስገቡት።