ጋዙ ሙሉ፣ ማሞቂያው ጠፍቷል!

ሞተርሆም (መኖሪያ ቤት የተሠራበት መኪና) ውስጥ በብርድ ያደረ ሰው ንዴቴ ይገባዋል። የጋዝ ሲሊንደሩ ሙሉ ነው፤ ማሞቂያው ግን እኩለ ሌሊት ላይ ጸጥ ይላል። ለምን? ሙቀቱን የሚነፋው ፋን የሚሠራው በ12 ቮልት ባትሪ ነዋ! ባትሪው ከደከመ ጋዙ ቢሞላ ምን ዋጋ አለው? ይህን ሲሸጡልን ቢነግሩን ምን ነበረበት?

የጣሪያው ኤሲ ደግሞ ይብሳል። 120 ወይም 230 ቮልት ይፈልጋል። ጄኔሬተር፣ ከውጭ በገመድ የሚሳብ ኤሌክትሪክ ወይም ጠንካራ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደዚህ ቮልት የሚቀይር መሣሪያ) ከሌለ በቃ፣ መቀቀል ነው። ማይክሮዌቩን አብረው ከከፈቱት ብሬከሩ ሊወርድ ይችላል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ፣ ሰው ተማሮ የማብሰያ ምድጃውን ለሙቀት ለኩሶ መተኛቱ ነው። ኧረ እባካችሁ! ከምድጃው ሊወጣ የሚችለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም፤ በእንቅልፍ ላይ እያሉ ይገድላል። አምራቾቹስ ባትሪው ሳያልቅ የሚያስጠነቅቅ አንድ መብራት ማሞቂያው ላይ ቢያደርጉልን ምናለበት?