የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው

በሰልስቱ ዕለት ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ነው ጨዋታው የተነሣው። አንድ የሰፈራችን ጎረምሳ ከስልኩ ቀና ብሎ፣ «ክርስትናን እኮ የፈጠረው ቆስጠንጢኖስ ነው። ኒቅያ ላይ እጅ አስወጥቶ ክርስቶስን አምላክ አደረገው፤ መጽሐፍ ቅዱስንም እዚያው መርጦ ቆረጠው» አለ። ከየት እንዳገኘው ስንጠይቀው ከቪዲዮ ነው። ሁለት ደቂቃ የማትሞላ ቪዲዮ።

አጠገቤ የተቀመጡት ጡረተኛ መምህር የንፍሮውን ሳህን አስቀመጡና፣ «አይ ልጄ! የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» አሉ።

ልጁ ግን ንጉሥ ያሻውን ያጽፋል፣ አለቀ፣ ከማለት በቀር ሌላ አልነበረውም። ሲጠየቅ ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

መምህሩ ረጋ ብለው ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ303 የሮሙ ንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ የክርስቲያኖችን መጻሕፍት ሲያስቃጥል ቆስጠንጢኖስ ገና አልነገሠም፤ ታዲያ የተቃጠለው የማን መጽሐፍ ነበር? በ313 ሚላን ላይ ቆስጠንጢኖስና አብሮት የነገሠው ሊኪንዮስ የተስማሙት ሁሉም እንደ እምነቱ እንዲያመልክ ነው። ክርስትናን የመንግሥት ሃይማኖት ያደረገው በ380 ንጉሥ ቴዎዶስዮስ ነው። በ325 ኒቅያ ላይ ጳጳሳቱ የተሰበሰቡት ክርስቶስን ፍጡር ባለው በአርዮስ ክህደት ምክንያት እንጂ መጽሐፍ ሊመርጡ አይደለም። 27ቱ የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ተዘርዝረው የሚገኙት በ367 በእስክንድርያው ጳጳስ በአትናቴዎስ የፋሲካ መልእክት ላይ ነው።

«አትናቴዎስም ያው የንጉሥ ሰው ነው» አለ ልጁ።

እዚህ ላይ እኔም አልቻልኩም። የንጉሥ ሰው አምስት ጊዜ ይሰደዳል? መጀመሪያ ያሰደደው ራሱ ቆስጠንጢኖስ ነው! የቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆንስጣንዮስማ ከአርዮሳውያን ጋር ቆሞ፣ ለእኛው ለአክሱሞቹ ለኢዛናና ለሳይዛና ሳይቀር ደብዳቤ ጽፏል፤ አትናቴዎስ የሾመውን ጳጳሳችንን ፍሬምናጦስን ለምርመራ ወደ እስክንድርያ ላኩት ብሎ። ሃይማኖት በንጉሥ ፈቃድ የሚሠራ ቢሆን ዛሬ የአትናቴዎስን ቅዳሴ ባልቀደስን ነበር።

መምህሩ ከንፍሮው አንዲት ባቄላ አንሥተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡ። «የኢዛና የወርቅ ገንዘብ ይቺን ታህላለች። ፊት ጨረቃ ነበረባት፣ ኋላ መስቀል ተቀረጸባት። ይህ ሁሉ ደጅህ ላይ እያለ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው!»

«የድሮ ታሪክ ነው» ብሎ ልጁ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ቆስጠንጢኖስ ሰይፉን ከክርስቲያኖች አንገት ላይ አንሥቷል፣ ጉባኤ ጠርቷል፤ ይህ ትልቅ ውለታ ነው። እምነቱን ግን እሱ አልሰጣቸውም። ኒቅያ ከገቡት ጳጳሳት መካከል በስደቱ ዘመን አካላቸው የጎደለ ነበሩባቸው። እነዚያ ሰዎች በንጉሥ ቁጣ የሚያምኑትን ይለውጣሉ ብሎ ማሰብ አይከብድም?

እኔን የሚያቃጥለኝ ግን የልጁ አለማወቅ ብቻ አይደለም። ድሮ ለቅሶ ቤት ነገር ሲነሣ ያላወቀ ያዳምጥ ነበር። ዛሬ ያላነበበው ይፈርዳል፣ ያነበበው አንገቱን ይደፋል። የሠለስቱ ምእትን ቅዳሴ ቆመን እናስቀድሳለን፤ 318ቱ የኒቅያ አባቶች እነማን ነበሩ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ካህኑም አይነግረን፣ እኛም አንጠይቀው። የየኔታ ጉባኤ ቤት ደቀ መዝሙር አጥቶ ሲዘጋ ማንም ድንኳን አልጣለለትም።

የዚያ ልጅ አባት ዳዊት ደጋሚ ነበሩ። ዳዊታቸው ከነማኅደሩ እስካሁን ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ባለፈው ልጠይቃቸው ስገባ ነካ አደረግሁት፤ ጣቴ ላይ አቧራው ቀረ።