ስለ ታጠረው የእግር መንገድ

አንድ ገበሬ ሰው የሚያልፍበትን የእግር መንገድ ስለ ማጠሩ የወጣው ጽሑፍ «ማሳው የግሉ ነው፣ መንገዱን ማጠር መብቱ ነው» ብሎ መደምደሙ ልክ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ያለው የይዞታ መብት ነው። መጀመሪያ የሁለተኛ ደረጃ ደብተሩ (ማሳው ተለክቶ ካርታው የገባበት የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ) ካርታ ይታይ። መንገዱ በሁለት ማሳ መካከል ክፍት ሆኖ ከወጣ የወል ነው፤ ካብ የካበበት ሰው ያንሳ። ማሳውን ሰንጥቆ የሚያልፍ ከሆነ ግን ካርታው ዝም ሊል ይችላል፣ ጭቅጭቁም የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ያኔ አዋሳኞቹና የቀበሌው መሬት አስተዳደር ኮሚቴ ቦታው ላይ ቆመው ስፋቱን በሜትር ለክተው በቃለ ጉባኤ ይያዙት። «እንደ ድሮው ይለፉ» ብቻ የሚል እርቅ ክረምት ሲገባ ይፈርሳል። የመንዝና የደብረ ብርሃን ዙሪያ መረሬ (ውሃ የሚቋጥር ጥቁር አፈር) ሐምሌ ላይ ይጨቀያል፤ የተጫነ አህያ ጭቃውን ሸሽቶ ገብሱ ላይ ይወጣል፣ መንገዱም በየዓመቱ ይሰፋል። ከላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍሮ መሃሉን ድንጋይ ማንጠፍ ከአጥር ይሻላል (ድንጋይ እንደሆነ መንዝ ላይ አይታጣም!)። ክስ ላሰበ ደግሞ፦ የሁከት ይወገድልኝ ክስ (ይዞታዬን የሚያውከው ድርጊት ይቁምልኝ የሚባልበት) በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 መሠረት በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል፤ ሽማግሌ ሲመላለስ ቀኑ እንዳያልፍ።