«ከላይ ያለው የኔ ነው»

እስቲ ፍረዱኝ ወገኖቼ። ባለፈው እሁድ ከጅማ መጥቼ ቦሌ አራብሳ ያለችኝን ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ላያት ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ወጥቼ ትንፋሼ ሳይመለስ ሳንኳኳ አንዲት እናት ከፈቱልኝ። በሩ ሥር ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል፤ ውኃው በፈረቃ ነው። የቤቱ ባለቤት ነኝ ስላቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣

«አንተ ነህ እንዴ የስድስት ወር ካልከፈላችሁ አትገቡም ያልከን? ልጄ የዕቁብ ዕጣ ገዝታ እኮ ነው የከፈለችህ!» አሉኝ።

እኔ? የስድስት ወር? በየወሩ 7,200 ብር የሚላክልኝ ሰውዬ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራዬ ጅማ ስለሆነ ቤቱን እንዲያከራይልኝ፣ ኪራዩንም እንዲሰበስብልኝ ለአንድ የሰፈሩ ደላላ ውክልና ሰጠሁ። (አሁን ደላላ አይባልም፣ «ኤጀንት» ነው። ከረባትም አለው።) ከኪራዩ 10 በመቶ ለእሱ ተባባልን። «ጋሼ፣ ገበያው ቀዝቅዟል፤ ከ8,000 በላይ የሚከፍል አያገኙም» አለኝ። አመንኩት።

ልጅቷ ነርስ ናት። ከአዳር ተረኝነት ገብታ ተኝታ ነበር፤ ጭቅጭቃችን ቀሰቀሳት። ዓይኗን እያሸች ስልኳን ከፍታ የባንክ ደረሰኙን አሳየችኝ። 66,000 ብር፣ በአንድ ቀን፣ በሰውዬው የግል ሂሳብ ገቢ ሆኗል። ወሩ 11,000 ነው ማለት ነው። ለብቻው ደግሞ 5,500 «ቤት ላገኘሁልሽ» ብሎ ተቀብሏታል። ውሉን አመጣችልኝ። ግርጌው ላይ የኔ ስም ከነአያቴ፣ ከአጠገቡ የእሱ ፊርማ።

እዚያው ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ደመርኩ። ከ66,000 ላይ የእሱ 10 በመቶ 6,600 ሲነሳ 59,400 የኔ ነው። በአምስት ወር የላከልኝ 36,000። 23,400 ብር የት አለ? ሰውዬው ገንዘቤን በመጀመሪያው ቀን ሙሉውን ተቀብሎ፣ በየወሩ እንደ ደመወዝ እየቆረጠ ይልክልኝ ነበር። እኔ ደግሞ በደረሰኝ ቁጥር «እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ» እለዋለሁ!

ደወልኩለት። ያፍራል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። «ጋሼ፣ የእርስዎ ዋጋ 8,000 ነው። ከላይ ያለው የኔ ነው፣ የኔ ላብ ነው። ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሠራው» አለኝ ፈርጠም ብሎ።

ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሠራው! እውነቱን ነው፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ የካ አባዶ ይሄንኑ ነው የምሰማው። ሕጉ ግን እንደዚህ አይልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2208 ተወካይ ለወካዩ ፍጹም ቅን እንዲሆን ያዛል። 2209 ደግሞ ለወካዩ ጥቅም ብቻ ይሥራ፣ ወካዩ ሳያውቅ ከሥራው ምንም ጥቅም አያግኝ ይላል። «ሳያውቅ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። «ጋሼ፣ ከ8,000 በላይ ካመጣሁ ልውሰደው?» ብሎ በግልጽ ቢጠይቀኝ እኮ እሺ እል ነበር ይሆናል! ያለ ስምምነቴ ያገኘው ትርፍ ግን ሒሳቡ ለኔ የሚቀርብ ነው፤ ከልጅቷ የተቀበለው 5,500ም ጭምር።

ገንዘቡስ ይሁን። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ሁሉ የተደረገው በስሜ መሆኑ ነው። በውክልናው ልክ የተፈረመ ውል እኔው ራሴ እንደፈረምኩት ይቆጠራል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ አትቀበል ይላል፤ ሰውዬው ስድስት ተቀበለ። ውሉ ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል፤ እሱ ስድስት ወር ጻፈ። በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል፤ እንኳን ሊያስመዘግበው ለኔም አላሳየኝም። አሁን ተጠያቂው ማን ነው? አከራዩ። እኔ!

ጓደኛዬ «ቤት እንዲያስተዳድር የሰጠኸው ውክልና እስከ ሦስት ዓመት ማከራየትን ይጨምራል» ሲለኝ ደግሞ ላብ አጠመቀኝ። ምን ሲሆን ነው ወረቀቱን ሳላነብ የፈረምኩት? ለመሸጥ ልዩ ውክልና ማስፈለጉ ነው ያተረፈኝ።

አልዋሽም፣ የእሱም ሐቅ አለኝ። ሰኔ ላይ የኩሽናው ቧንቧ ፈንድቶ ታች ፎቅ ሲያንጠባጥብ በሌሊት ሄዶ በራሱ 1,850 ብር አሠርቶታል። ደረሰኝ ልኮልኛል፣ እኔ ዝም ብዬዋለሁ። ለሥራው ያወጣውን መመለስ የኔ ግዴታ ነው። ይቀነስለት። 21,550 ይቀራል፣ ያቺን 5,500 ሳንነካ።

ሰኞ ውልና ማስረጃ ሄጄ፣ ወረፋ ይዤ፣ ውክልናውን ሻርኩት። ሰውዬውን የድሮውን ወረቀት መልስልኝ ብዬ ብጠይቀው «ጠፍቶብኛል» አለኝ። ማክሰኞ የሻርኩበትን ሰነድ ይዤ እንደገና አራብሳ፣ እንደገና አራተኛ ፎቅ። ከእንግዲህ ለእሱ እንዳይከፍሉ፣ በኔ ሂሳብ እንዲያስገቡ አስረዳሁ። እናትየዋ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አገላብጠው አዩት።

«ማኅተም አለው» አሉ።

«አዎ እማማ።»

«የእሱም ነበረው» አሉና፣ ስልካቸውን አንስተው ለእሱ ደወሉ።